የተመዘገበው ቁጥር የተጎጂዎቹ ሁሉ ቁጥር አይደለም

መንግሥታት በሰው መነገድን ለመከላከል በቁጥር ይመራሉ። ቁጥሩ በስህተት ሲነበብ ግን ዋጋውን የሚከፍሉት ተጎጂዎች ናቸው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች ላንሳ።

«ቁጥሩ ከቀነሰ ወንጀሉ ቀንሷል።» የግድ አይደለም። መዝገብ የሚይዘው የተገኙትን ብቻ ነው። ፖሊሶችና የሥራ ተቆጣጣሪዎች ምልክቶቹን መለየት ሲማሩ ቁጥሩ ያድጋል፤ ፍተሻው ሲላላ ይወርዳል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ «ዜሮ» የሚል ሪፖርት ነው። ብዙ ጊዜ ፈላጊ የለም ማለት ነው።

«የተደበቀ ነገር እንዴት ይቆጠራል?» አንድ በአንድ አይቆጠርም፤ መገመት ግን ይቻላል። ከሐይቅ ዓሣ አጥምደን፣ ምልክት አድርገን እንለቃለን እንበል። በሌላ ቀን ስናጠምድ ምልክት ያለባቸው ጥቂት ከሆኑ፣ ሐይቁ ውስጥ ገና ብዙ ዓሣ አለ። እዚህም የፖሊስ፣ የአካባቢ መስተዳድርና የእርዳታ ድርጅቶች ዝርዝሮች ይመሳከራሉ። አንድ ሰው በሁለት ዝርዝር ላይ የሚገኘው አልፎ አልፎ ከሆነ፣ ያልታየው ብዙ ነው። በብሪታንያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ዋና የሳይንስ አማካሪ የነበሩት በርናርድ ሲልቨርማን እ.ኤ.አ. በ2014 ያደረጉት ይህንኑ ነው። ለ2013 የታወቁት ተጎጂዎች 2,744 ነበሩ፤ ግምታቸው ግን ከ10,000 እስከ 13,000 ደረሰ። በሰው መነገድንም የሚያካትተው የብሪታንያ የዘመናዊ ባርነት ሕግ በ2015 ወጣ። ስሌቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ፖሊስ ያገኛትን ሴት ወደ እርዳታ ድርጅት ከላካት ሁለቱ ዝርዝሮች የተያያዙ ናቸው፤ ይህም ግምቱን ያዛባል።

«ድንበር ካልተሻገረ በሰው መነገድ አይባልም።» በ2000 የወጣው፣ በሰው መነገድን የሚመለከተው የተባበሩት መንግሥታት ፕሮቶኮል (ዓለም አቀፍ ስምምነት) በሰጠው ትርጉም ውስጥ ድንበር መሻገር የሚል መስፈርት የለም። ከተወለደበት ከተማ ሳይወጣ የሚበዘበዝ ሰው አለ። ዳታ የሚሰበስበው በኬላና በኤርፖርት ብቻ የሆነ መንግሥት የገዛ ዜጎቹን አያይም።

«የድሃ አገሮች ችግር ነው።» በ2022 ይፋ የሆነው የዓለም የሥራ ድርጅት፣ ባርነትን የሚታገለው ዎክ ፍሪ የተባለ ድርጅትና የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ግምት፣ በ2021 በዘመናዊ ባርነት ውስጥ 49.6 ሚሊዮን ሰዎች እንደነበሩ ይገልጻል። 27.6 ሚሊዮኑ በግዳጅ ሥራ፣ ሌሎቹ በግዳጅ ጋብቻ ነው። ከግዳጅ ሥራው ከግማሽ በላይ የሚገኘው ከፍተኛና ከመካከለኛ በላይ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

«ዳታው ሁሉ ለሕዝብ ይከፈት።» ሐሳቡ ቅን ነው፤ አደጋ ግን አለው። ስም ቢሰረዝም እንኳ ዕድሜ፣ ዜግነት፣ ከተማና ወር አንድ ላይ ሲቀመጡ አንዲትን ተጎጂ ያመለጠችው በዝባዥ ሊለያት ይችላል። ለዚህ ነው የፍልሰት ድርጅቱ በ2021 የእውነተኛ ሰዎችን መዝገብ ሳይሆን፣ አጠቃላይ ገጽታውን ጠብቆ በኮምፒውተር የተሠራ ዳታ ያወጣው።