በሎት እና በሴሌ ሸለቆዎች የሚያልፉ ጸጥተኛ የብስክሌት መንገዶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሎት ወንዝ በደቡብ ፈረንሳይ ከሎዜር ተራሮች ይነሣና 480 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ እየተጠማዘዘ ከተጓዘ በኋላ ኤጊዮን ከተባለችው ከተማ አጠገብ ከጋሮን ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። ገባሩ ሴሌ ደግሞ የፊዣክን ከተማ አልፎ፣ በነጣ የኖራ ድንጋይ ገደሎች መካከል ሾልኮ፣ ኮንዱሼ በምትባል ትንሽ መንደር ሎትን ያገኘዋል። ከካኦር እስከ ፊዣክ ያለው ይህ አገር ነዋሪው ጥቂት፣ የተነጠፈው የገጠር መንገድ ግን ብዙ ስለሆነ፣ መኪና ሳያሳድደው ረጅም ርቀት ብስክሌት መንዳት ለሚሻ ሰው እጅግ ተስማሚ ነው። ይህ ዝናው ግን ብዙ ግምት ተደባልቆበታል፤ ግምቱም ዳገት ላይ፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ወይም ሰኞ ዕለት በተዘጋ ዳቦ ቤት በር ላይ ይጋለጣል።

«ሸለቆ ስለሆነ መንገዱ ሜዳ ነው»

ወንዙ በርግጥ ዝግ ብሎ የሚወርድ ነው። ከፊዣክ በታች የሴሌን ወንዝ ተከትሎ ወደ ኮንዱሼ የሚወርደው ዲ41 የተባለው መንገድም፣ በጠቅላላው ሲታይ ቁልቁል ስለሚያዘነብል፣ እግርን አያደክምም። ስሕተቱ መንገዱ ሁልጊዜ ከውሃው ጎን እኩል ይሄዳል ብሎ ማሰቡ ላይ ነው። ገደሉ ወንዙን በሚነካበት ቦታ መንገዱ ወይ ከቋጥኙ ሥር ተጠግቶ ይሾልካል፣ ወይ በጫንቃው ላይ ወጥቶ ይወርዳል። በካብረሬ አቅራቢያ የመጀመሪያው ሆኗል፤ ብስክሌተኛው ከራሱ በላይ በተንጠለጠለ አለት ሥር ያልፋል። በሌላ ቦታ ግን አጭር ሆኖም የሚያስለከልክ ዳገት ሳይጠበቅ ይመጣል።

ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው መሻገር ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ነገሩ ጨርሶ ይለያል። በሴሌ እና በሎት ዙሪያ ያለው መሬት፣ ፈረንሳዮች «ኮስ» የሚሉት፣ ውሃ የማይቋጥር የኖራ ድንጋይ አምባ ሲሆን ከባሕር ወለል በላይ ከ300 እስከ 400 ሜትር ይደርሳል፤ ከወንዙ ዳር ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ 200 ሜትር ያህል መውጣት ግድ ይላል። በፎቶግራፍ የሚታወቀው የሳን-ሲር-ላፖፒ መንደርም ከወንዙ 100 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በገደል አፋፍ የተሠራ እንጂ ወንዝ ዳር የሚገኝ አይደለም። የሚሽላን የወረቀት ካርታ በዚህ ረገድ ጥሩ አማካሪ ነው፦ በመንገዱ ላይ የተሣለ አንድ የቀስት ጫፍ ከ5 እስከ 9 በመቶ፣ ሁለት ከ9 እስከ 13 በመቶ፣ ሦስት ደግሞ ከ13 በመቶ በላይ የሆነ ዳገትን ያመለክታል፤ ቀስቱም የሚያሳየው ወደ ላይ የሚወጣበትን አቅጣጫ ነው።

«ጸጥተኛ መንገድ ማለት ለብስክሌት ብቻ የተከለለ መንገድ ነው»

ፈረንሳዮች ሁለት ነገሮችን ለይተው ይጠራሉ። «ቯ ቬርት» የሚባለው ሞተር የማይገባበት፣ ለእግረኛ እና ለብስክሌት የተለየ መንገድ ነው። «ቬሎሩት» የሚባለው ግን ምልክት የተተከለለት ረጅም የብስክሌት መስመር ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ መኪና እምብዛም በማይበዛባቸው ተራ የገጠር መንገዶች ላይ ያልፋል። የሎትን ሸለቆ ተከትሎ ከኤጊዮን እስከ ካኦር 160 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው ቪ86 የተባለው መስመር በአብዛኛው ከሁለተኛው ዓይነት ነው። እዚህ መስመር ላይ ትራክተር፣ የፖስታ መኪና እና ወይን ለቃሚዎችን የጫነ ተሽከርካሪ ቢያጋጥም ሕገ ወጥ የሆነ ማንም የለም።

መንገድን ለመለየት ምልክት መጠበቅም አያስፈልግም። በፈረንሳይ «ዲ» በሚል ፊደል የሚጀምሩት መንገዶች በአካባቢው መስተዳድር ሥር ያሉ ሲሆኑ፣ ዳር ላይ የተተከለው የኪሎ ሜትር ድንጋይ አናቱ ቢጫ ነው፤ በአገር አቀፍ ደረጃ በሚተዳደሩት ላይ ግን አናቱ ቀይ ነው። ይሁንና ቢጫ አናት ብቻውን ለጸጥታ ዋስትና አይሆንም፤ ምክንያቱም ከካኦር ወደ ምዕራብ የሚወስደው፣ የጭነት መኪና የሚበዛበት ዲ811ም ቢጫ ነው። ካርታው ላይ በነጭ የተሣሉትን፣ ዳራቸውም በአረንጓዴ መስመር የተቀለመውን ማየት ይሻላል፤ አረንጓዴው ውብ ዕይታ ያለው መንገድ መሆኑን ይነግራል።

«ወንዙን የሚከተል መንገድ አንድ ነው»

እንደኔ ግምት ጉዞን ከሁሉም በላይ የሚያበላሸው አመለካከት ይህ ነው፤ የስልክ ካርታ ደግሞ አጭሩን መንገድ በማስቀደም ያጠናክረዋል። የሎት ወንዝ በብዙ ቦታ ሁለት መንገዶች አሉት፣ በየዳርቻው አንዳንድ፤ ትራፊኩም በሁለቱ ላይ እኩል አይከፈልም። ከካኦር በስተምዕራብ ወደ ፒዊ-ሌቬክ የሚሄደው መኪና ሁሉ በሰሜን በኩል ዲ811ን ሲይዝ፣ ዲ8 በዱዌል እና በአልባ መንደሮች በኩል በወይን እርሻዎች መካከል እየተጠማዘዘ ይሄዳል። በምሥራቅ በኩል እስከ ካዣርክ የሚዘልቀው ዋናው መንገድ በሰሜን ዳርቻ ያለው ዲ662 ነው። ከወንዙ ማዶ በደቡብ በኩል፣ ሴኔቪዬር እና ካልቪኛክን የሚያገናኙት ትናንሽ መንገዶች ዳገት ቢያስከፍሉም መኪና አያበዙም።

ወንዙ ራሱ ደግሞ ለአቋራጭ የሚመች አይደለም። በሉዜሽ ከተማ ሎት ዙሪያ ገባውን ዞሮ ተመልሶ ወደ ራሱ ስለሚቀርብ፣ ከተማዋ የተሠራችበት አንገት ከ300 ሜትር ያነሰ ስፋት ነው ያለው፤ በውሃ ለሚሄድ ግን ብዙ ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ በዚህ ሸለቆ ርቀት የሚለካው በድልድይ ነው። የትኛው ድልድይ የት እንዳለ ሳያውቁ ዳርቻ መምረጥ፣ የሚፈለገውን መንደር ወንዝ ማዶ እያዩ ማለፍን ያስከትላል። ከቱር-ደ-ፎር ወደ ሳን-ሲር-ላፖፒ የሚያሻግረው ድልድይ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ሳይሻገርበት ያለፈ ሰው መልሶ ይቆጨዋል።

«ከአለት የተፈለፈለው ጥንታዊ መንገድ ለብስክሌት የተሠራ ነው»

በቡዚዬስ አቅራቢያ፣ ከገደሉ ሥር በውሃው ዳር ተፈልፍሎ የተሠራ ጠባብ መንገድ አለ፤ ፎቶግራፉም በብስክሌት ጉዞ ማስታወቂያዎች መካከል ብቅ ይላል። ይህ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀልባዎችን ከዳር ሆኖ በገመድ ለመጎተት የተሠራ ነው። በዚያ ዘመን የካኦር ወይን ጠጅ በሎት እና በጋሮን በኩል ወደ ቦርዶ ይጫን ነበር። ዛሬ የእግረኞች መንገድ ነው፤ መሬቱ ሻካራ፣ አንዱ ወገን አለት፣ ሌላው ወገን ውሃ ስለሆነ፣ ብስክሌቱን ቡዚዬስ አስሮ በእግር መሄድ ለራስም ለሌላውም ይበጃል።

«በገጠር መንገድ የትራፊክ ሕግ ይላላል»

አይላላም፤ እንዲያውም ብስክሌተኛውን የሚጠብቁትም የሚያስጠይቁትም ሕጎች አብረው ይሠራሉ። አሽከርካሪ ብስክሌተኛን ሲቀድም ከከተማ ውጭ ቢያንስ 1 ሜትር ከ50፣ በከተማ ውስጥ ቢያንስ 1 ሜትር መራቅ አለበት፤ ይህን ለመፈጸም እይታው ከተመቸው ያልተቆረጠውን ነጭ መስመር መሻገር እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ተፈቅዶለታል። ሁለት ብስክሌተኞች ጎን ለጎን መሄድም አይከለከልም። ይሁን እንጂ ሲመሽ፣ ወይም ከኋላ የመጣ ተሽከርካሪ ማለፍ እንደሚፈልግ ሲያሳውቅ፣ በአንድ መስመር መሰለፍ ይገባል። ጎን ለጎን መሄድን እንደ ድፍረት የሚያዩ አሉ፤ ተሳስተዋል፤ ጠመዝማዛ ላይ ግን ቀድሞ መሰለፍ ብልኅነት ነው።

እንግዳን ይበልጥ የሚያስደነግጠው የቀኝ ቅድሚያ ነው። በፈረንሳይ ምልክት በሌለበት መስቀለኛ መንገድ ከቀኝ የሚመጣ ቅድሚያ አለው፤ በቀኙ ያለው መንገድ ጠባብ የመንደር መተላለፊያ፣ መጪውም አሮጌ መኪና የሚነዳ ገበሬ ቢሆን ለውጥ የለውም። ነጭ ጠርዝ ያለው ቢጫ ባለ አራት ማዕዘን ምልክት ዋናውን መንገድ የያዘው ቅድሚያ እንዳለው ያሳያል፤ በጥቁር መስመር ከተሰረዘ ግን ያ መብት አበቃ ማለት ነው። ከቁልቁለት በፍጥነት ወርዶ መንደር የሚገባ ብስክሌተኛ ዓይኑ በዚህ ምልክት ላይ መሆን አለበት።

ሌሎቹን በአጭሩ ለማለፍ፣ የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ መንዳት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለብስክሌተኛም ክልክል ነው፤ የራስ ቁር በሕግ የሚገደዱት ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። የወይን ጠጅ አገር ቢሆንም በደም ውስጥ ለሚገኝ አልኮል የተቀመጠው በሊትር 0.5 ግራም ገደብ ፔዳል ለሚመታውም ይሠራል።

«መንደር እስካለ ድረስ ምግብ እና ውሃ አይጠፋም»

በሴሌ ሸለቆ ውስጥ መንደሮቹ ይቀራረባሉ፤ ሱቅ ያላቸው ግን ጥቂቶች ናቸው። ያለውም ሱቅ ከቀትር ጀምሮ ለሁለት ሰዓት ያህል፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይዘጋል፤ ሰኞ ዕለት ዳቦ ቤቱ ራሱ ዝግ የሚሆንበት መንደር ብዙ ነው። ስለዚህ ለቀኑ የሚሆነው ዳቦ ጠዋት ከፊዣክ ወይም ከካዣርክ ሲወጣ ቢያዝ ይሻላል።

የውሃውን ነገር የአገሩ ብስክሌተኞች በመቃብር ስፍራ ይፈቱታል። የአበባ ማሰሮ ለመሙላት ሲባል በአብዛኛው የፈረንሳይ መካነ መቃብር ቧንቧ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ከበሩ ገባ እንዳሉ ግድግዳው ላይ ይገኛል። በላዩ «ኦ ኖን ፖታብል» የሚል ጽሑፍ ካለ ውሃው አይጠጣም። ለእኛ አገር ሰው ከመቃብር ስፍራ ውሃ መቅዳት ሊከብደው ይችላል፤ እዚያ ግን በሩን ቀስ ብሎ ከፍቶ፣ ቀድቶ፣ መልሶ ዘግቶ እስከወጣ ድረስ ነውር አይደለም።

«ከሁሉ የሚሻለው ወቅት ነሐሴ ነው»

የፈረንጆቹ ሐምሌ እና ነሐሴ የፈረንሳዮች የዕረፍት ወራት ናቸው። ሁለት መቶ ያህል ነዋሪ ብቻ ያላት ሳን-ሲር-ላፖፒ እ.ኤ.አ. በ2012 የፈረንሳዮች ተወዳጅ መንደር ተብላ ከተመረጠች ወዲህ የጎብኚዋ ብዛት ይታወቃል፤ ዲ662ም በዚያ ጊዜ ካራቫን በሚጎትቱ መኪኖች ይሞላል። በገደል መካከል የታጠረው አየርም ከሰዓት በኋላ ይግላል። ግንቦት፣ ሰኔ እና መስከረም ይሻላሉ። በበጋው ካልሆነ መሄድ የማይችል ሰው ደግሞ ማለዳ ተነሥቶ እስከ ረፋድ የሎትን ክፍል ጨርሶ፣ ቀትሩን በፔሽ ሜርል ዋሻ ቢያሳልፍ ተጠቃሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 የተገኘው ይህ ዋሻ፣ ነጠብጣብ ፈረሶች የተሣሉበት፣ በቀን የሚያስገባው ሰው የተወሰነ ስለሆነ ቦታ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል፤ ከካብረሬ ወደ ላይ የሚወስደውን ዳገትም አለመርሳት ነው።

«የውድድር ብስክሌት ያስፈልጋል»

አብዛኛው አንባቢ የፈረንሳይን መንገድ የሚያውቀው በቱር ደ ፍራንስ፣ ምናልባትም ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ከተሰለፈበት ጊዜ አንሥቶ ይሆናል። ውድድሩ በሐምሌ 2022 ካኦር ላይ አንድ ቀኑን መፈጸሙም እውነት ነው። ሆኖም ለውድድር የሚመረጠውና ለጉዞ የሚመረጠው መንገድ ለየቅል ናቸው። በነጭ የተሣሉት መንገዶች አስፋልታቸው ሻካራ ነው፤ በበጋ ደግሞ ሠራተኞች ሬንጅ ቀብተው ደቃቅ ጠጠር ይበትኑባቸዋል። «ግራቪዮን» የሚል ምልክት ከታየ በኋላ የመኪና ጎማ ጠጠሩን እየገፋ ወደ መሐልና ወደ ዳር ስለሚከምረው፣ ጎማው ራሱ በጠረገው መስመር ላይ መቆየት፣ ጠመዝማዛው ከመድረሱ በፊት ፍሬን ይዞ ውስጡ ላይ መልቀቅ ይገባል። ከ28 እስከ 32 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ እና ለዳገት የሚቀል ማርሽ ከቀላል ክብደት ይበልጥ ይጠቅማሉ።

«ሲደክመኝ በባቡር እመለሳለሁ»

በሎት ዳር ከካኦር ወደ ካፕደናክ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ በካርታም በዓይንም ይታያል፤ መንገደኛ ግን አያጓጉዝም። ካኦር በፓሪስ እና በቱሉዝ መስመር ላይ ናት፣ ፊዣክም ጣቢያ አላት፤ ነገር ግን ከአንዷ ወደ ሌላዋ በባቡር ለመሄድ በብሪቭ ወይም በቱሉዝ በኩል መዞር ያስፈልጋል፤ ይህም በብስክሌት ከመመለስ ብዙም አይፈጥንም። ስለዚህ ከፊዣክ ተነሥቶ በሴሌ እስከ ኮንዱሼ መውረድ፣ በሎት ወደ ካዣርክ መውጣት፣ ከዚያም ወደ ፊዣክ መመለስ ይቻላል፤ ዙሩ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከበድ የሚለው ክፍል በመጨረሻው ላይ ነው፦ መንገዱ ከወንዙ ተለይቶ ኮረብታ ላይ ወደተቀመጠችው ፌሴል መንደር ይወጣል፤ ከእርሷ በኋላ እስከ ፊዣክ ቁልቁለት ይበዛል።