«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ»፦ መነሻው፣ ትርጉሙና የገበያ ግምት

የአባባሉ መነሻ ዳቦ ቆረሳ ነው። ለሌላው የሚቆርስ እጅ ይመጥናል፤ ለራሱ ሲሆን ሳይታወቀው ሰፋ ያደርጋል። ቆራሹም በላተኛውም አንድ ሰው ስለሆነ «በዛ» የሚለው የለም። ዛሬ አባባሉ በብዛት የሚነገረው ድርሻ ሲከፋፈል ወደ ራሱ ያደላውን፣ ወይም የገዛ ሥራውን ሲያወድስ ልክ ያለፈውን ሸንቆጥ ለማድረግ ነው። ሰውየውን ሌባ ወይም ውሸታም አይለውም፤ ማንም በዚያ ቦታ ቢሆን ያው ነው የሚል ቀልድ አለበት። አዲስ ምርት ይዞ ለሚነሳ ሰው የሚስማማውም ለዚህ ነው። የፈላጊውን ብዛት የሚገምተው ሠሪው ራሱ ነውና።

ይህ ማድላት ተለክቷል። ማይክል ኖርተን፣ ዳንኤል ሞቾንና ዳን አሪየሊ በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተራ ሰዎች ወረቀት እያጠፉ ቅርጽ ሠሩ። ሠሪዎቹ ለገዛ ሥራቸው በአማካይ 23 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ለመክፈል ፈቀዱ፤ ያንኑ ሥራ ያዩ ሌሎች ግን 5 ሳንቲም ገደማ ብቻ። ባሰ የሚባለው ደግሞ ሠሪዎቹ ሌላውም ሰው እንደነሱ የሚያይ መስሏቸው ነበር። ልብ በሉ፣ አልዋሹም፤ ከኪሳቸው ሊያወጡ ተስማምተዋል። ስለዚህ «እኔ ራሴ እገዛው ነበር» የሚለው፣ ከልብ ቢሆንም፣ ስለ ገበያው የሚነግረን ነገር የለም።

በትልቁም ያው ነው። ሴግዌይ የተባለው ባለ ሁለት ጎማ ተሽከርካሪ በ2001 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ፈጣሪው ዲን ኬመን በሳምንት 10,000 የሚመረትበትን ጊዜ በቅርብ ይጠብቅ ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. በብልሽት ምክንያት እስከዚያ የተሸጡት ሁሉ ለጥገና ሲጠሩ ቁጥራቸው 23,500 ገደማ ሆኖ ተገኘ።

መፍትሔው ሌላ ሰው ከራሱ ኪስ እንዲቆርስ ማድረግ ነው። በቅድሚያ ዘመድና ጓደኛ ከቆጠራው ይውጡ፤ እነሱ የሚያደንቁት ሰውየውን ነው። ምርታችሁ የሚፈታው ችግር ያለባቸውን ከ10 እስከ 15 የማያውቋችሁ ሰዎች ፈልጉ። «ቢሠራ ትገዛዋለህ?» አትበሉ፤ «እገዛለሁ» ማለት ምንም አያስወጣም። ስላለፈው ጠይቁ፦ ችግሩ መጨረሻ የገጠመህ መቼ ነው? ያኔ ምን አደረግህ? ስንት አወጣህ? ማንም ገንዘብም ጊዜም ካላወጣበት፣ «ግሩም ሐሳብ ነው» የሚለው ምስጋና ጨዋነት ብቻ ነው።

ቀጥሎ ዋጋውን በግልጽ ጽፋችሁ ቀብድ ተቀበሉ፤ የዋጋው ከ10 እስከ 20 በመቶ፣ ምርቱ ካልደረሰ የሚመለስ። ብዙ ዕቃ ቀድሞ ማምረት አያስፈልግም። ኒክ ስዊንመርን በ1999 እ.ኤ.አ. ዛፖስ የተባለውን የኢንተርኔት ጫማ መሸጫ ሲጀምር የሱቅ ጫማ ፎቶ አንስቶ በድረ ገጽ አወጣ፤ ትዕዛዝ ሲመጣ ከሱቁ ገዝቶ ላከ። ያተረፈው ዕውቀት ነበር።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን ቀጥሎ ባለው ነው። የማለፊያው ልክ ሙከራው ሳይጀመር በጽሑፍ መቀመጥ አለበት፤ ለምሳሌ «ዋጋውን ካዩ 100 ሰዎች 5 ቀብድ ካልከፈሉ አላመርትም»። ውጤቱ ከመጣ በኋላ የሚወሰን ከሆነ 2 ሰውም «ለጅምር ጥሩ ነው» ይባላል፤ ቆረሳው ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ላይክና የተመዝጋቢ ስም ዝርዝር አይቆጠሩም። በትልቅ ቅናሽ የተገኘ ገዢም የሚመሰክረው ለቅናሹ ነው። ቶሎ የሚያልቅ ምርት ከሆነ የመጀመሪያው ግዢ ከጉጉት ሊመጣ ስለሚችል ሁለተኛውን ጠብቁ።

ትሑት መስሎ የሚቆርስም አለ፦ «ገበያው 10 ሚሊዮን ሰው ነው፤ 1 በመቶውን ብቻ ብንይዝስ?» ይህ 100,000 ገዢ ነው። ዋጋውን ካዩት 2 በመቶው የሚገዙ ከሆነ 5 ሚሊዮን ሰው ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል። በምን መንገድ፣ በስንት ወጪ?

ሙከራው ከወደቀ ወዲያው መጣል ግዴታ አይደለም፤ ዋጋው ልክ ሳይሆን፣ ወይም የተጠየቁት ሰዎች ትክክለኞቹ ገዢዎች ሳይሆኑ ቀርተው ይሆናል። አንዱን ብቻ ለውጡና ያንኑ ልክ ይዛችሁ ድገሙት። ሁለቱን ባንዴ ከለወጣችሁ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም።