ደላላው ቤት ያሳያል፤ ካርታውን ማየት የእናንተ ነው

እናቴ ከአዘዞ ወደ ጎንደር ከተማ መሀል ልትገባ ፈልጋ አምና ክረምቱን ሙሉ ቤት ስናይ ከረምን። ማራኪ፣ ሳሙና በር፣ ቀበሌ 18፣ በጭቃ እየተንሸራተትን ያልገባንበት ግቢ የለም። ከቤቱ ወሬ ይልቅ የደላላው ወሬ በዛብን። ግማሹ ዘመድ «ደላላ ሁሉ ቀማኛ ነው» ይላል፤ ግማሹ «ደላላ ይዛችሁ ምን አስጨነቃችሁ» ይላል። ከሁለቱም በኩል የሰማኋቸውን፣ አንዳንዱንም እኔ ራሴ አምኜው የነበረውን፣ እነሆ።

«ደላላው የኛ ሰው ነው»

አይደለም፤ እንዲሆንም አይጠበቅበትም። ከ1952ቱ የንግድ ሕግ ጀምሮ ደላላ ማለት ራሱን ችሎ ተዋዋዮችን እየፈለገ የሚያገናኝ ሰው ነው። በልማድ ከሻጭም ከገዢም ይቀበላል። ቤቱ ካልተሸጠ ሳንቲም አያገኝም፤ ዋጋው ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ድርሻው ከፍ ይላል። እንግዲህ «ዋጋውን አስቀንስልን» ብለን ስንልከው ከራሱ ኪስ እንዲቀንስ እየለመንነው ነው።

ማራኪ ላይ አንድ ቤት ወደድን። ያሳየን ልጅ ከሌላ ደላላ ነው የሰማው፣ ያኛውም ከሦስተኛ። ባለቤቷን እንይ ስንል «አዲስ አበባ ናት፣ ዋጋው በኔ እጅ ነው» አለን። እናቴ ምንም ሳትመልስ ወጣች፤ በማግስቱ ከቤቱ ጎን ካለች ሴት ጋር ቡና ጠጥታ መጣች። ባለቤቷ ለካ ሁለት መንገድ ተሻግራ እዚያው ጎንደር ናት። ለደላላው የነገረችው ዋጋ ለኛ ከተነገረን በ400 ሺህ ብር ያንሳል። «ከዚህ በላይ ያመጣኸው ላንተ» ብላው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደላላ የምመዝንበት አንድ ጥያቄ አለኝ፦ «ባለቤቱን መቼ ታገናኘናለህ?» ደንግጦ ምክንያት የሚደረድረውን እተወዋለሁ። ንግድ ፈቃድ አለው ወይ ብሎ መጠየቅም ደግ ነው፤ ነገር ግን ፈቃዱ የሚነግራችሁ ነገ የት እንደምታገኙት ነው፣ ስለ ጠባዩ ምንም አይልም።

«ኮሚሽን 2 በመቶ ነው፤ ሕግ ነው»

2 በመቶ ልማድ ነው፣ ይደራደሩበታል። ቁም ነገሩ ቤቱን ሳታዩ መነጋገር ነው፦ ስንት፣ መቼ፣ ለስንት ሰው። ይህቺን የመጨረሻዋን ካልጠየቃችሁ ውል በምትፈርሙበት ቀን በሩ ላይ አራት ጎረምሳ ቆሞ «መጀመሪያ ያሳየሁት እኔ ነኝ» ይላችኋል። በአጭር ወረቀት ብትጽፉት ደግሞ የተሻለ።

«ካርታውን ደላላው አይቶታል»

አብዛኛውን ጊዜ ያየው ስልኩ ላይ የተላከለትን ፎቶ ነው። ሳሙና በር አካባቢ አንዱ እናቴን «እማማ፣ አንቱ አይስጉ፣ ካርታው ንጹሕ ነው» ብሎ ስልኩን አቀበላት። መነጽሯን አድርጋ፣ ፎቶውን በጣቷ ገፋ ገፋ አድርጋ አነበበችና «ይኼ ሰውዬ ማነው?» አለች። የሻጩ አባት ነበሩ። ከሞቱ ዓመታት አልፏል። ልጆቹ አምስት ናቸው፣ አንዷ ውጭ አገር ናት፤ ሊሸጥልን የመጣው እዚያው ግቢ የቀረው ታናሽየው ነው። የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ የለ፣ የወንድሞቹና የእህቶቹ ፊርማ የለ። ደላላው ዋሽቷል ለማለት አልችልም፤ የማን ስም እንደሆነ ጨርሶ አላነበበውም።

ስለዚህ ዋናውን ካርታ ይዞ ከባለቤቱ ጋር ማዘጋጃ ቤት መሄድ የገዢ ሥራ ነው። በማን ስም ነው፣ ስፋቱ መሬት ላይ ካለው አጥር ጋር ይገጥማል ወይ፣ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለበት ወይ። «ከዕዳና ከእገዳ ነጻ» የሚለውን ቃል ከደላላ አፍ ሳይሆን ከመዝገቡ ስሙት። ሻጩ ባለትዳር ከሆነና ቤቱ የጋራ ከሆነ «ሚስቱ ታውቃለች» አይበቃም፤ ሁለቱም መስማማትና መፈረም አለባቸው።

ጎንደር ላይ ደግሞ ባለቤቱ ውጭ አገር ሆኖ ወንድም ወይም አጎት በውክልና የሚሸጠው ቤት ብዙ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። «ጉዳዬን ሁሉ ይፈጽምልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ቤት አያሸጥም፤ መሸጥ የሚለው ቃል በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ውክልናው አለመሻሩም ይጣራ።

ይዞታው ነባር (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ (ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የሚያዝ) የሚለውንም እግረ መንገዳችሁን ጠይቁ። በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ (ቁጥር 721) ነባር ይዞታ ከውርስ ውጭ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት በሊዝ ነው የሚይዘው። «ነባር ነው፣ ምንም አትከፍሉም» ያለን ደላላ የተናገረው ስለ ሻጩ እንጂ ስለ እኛ አልነበረም።

«ቀብድ ከሰጠን ቤቱ የኛ ነው»

እኔም እንዲህ ይመስለኝ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በሰነድ አረጋጋጭ ፊት እንዲደረግ ያዛል። ፒያሳ ሻይ ቤት ተቀምጦ፣ ሦስት ምስክር አስፈርሞ የተጻፈ ወረቀት ሻጩ የካደ ቀን ረጅም ክርክር ያስከትላል።

ስለ ቀብዱ ሕጉ የሚለው እንዲህ ነው፦ ሌላ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ተቀባዩ ከተወ እጥፉን ይመልሳል። እጥፉን የሚመልስላችሁ ግን የተቀበለው ሰው ነው። ገንዘቡ በደላላው እጅ ከሆነ ከማን ትጠይቃላችሁ? ቀብድ በባንክ፣ ወደ ባለቤቱ ሒሳብ፣ የፈረመበት ወረቀት ተይዞ ይሁን። «ሌላ ገዢ ከአዲስ ዘመን ከተማ እየመጣ ነው፣ ዛሬ ካልሰጣችሁ ያመልጣችኋል» የሚለውን አትስሙ። ያ ገዢ ክረምቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነበር፣ እስካሁን አልደረሰም።

«ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ ማድረግ ሁሉንም ይጠቅማል»

ለግብርና ለቴምብር ይቀንስልናል ተብሎ ነው። ሕገወጥ መሆኑን ለጊዜው እንተወውና፣ ሽያጩ ፈርሶ ገንዘባችሁን ስትጠይቁ በእጃችሁ ያለው ማስረጃ በውሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። 3 ሚሊዮን ከፍሎ በ1 ሚሊዮን የተዋዋለ ሰው ስለ ቀሪው ምን ይዞ ይከራከራል?

«ያለ ደላላ ይሻላል»፣ «ዘመድ ደላላ ይሻላል»

ዘመዱን ሞከርነው። ሲያጠፋ መቆጣት፣ ሲያሰለች መተው አይቻልም፤ ኮሚሽን መነጋገርማ ነውር ሆነብን። ያለ ደላላም ሞከርን፤ በሦስት ሳምንት ሁለት ቤት አየን።

በመጨረሻ ያገኘናቸው ሽማግሌ ደላላ ዘመናቸውን ሙሉ በዚህ ሥራ የኖሩ ናቸው። የመጀመሪያውን ቤት ሊያሳዩን በሩን ሳያንኳኩ ቆሙና «ቆይ፣ መጀመሪያ ስለ ውሃው ከጎረቤት ጠይቁ» አሉን። የጎንደርን ውሃ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የአንገረብ ግድብ ለከተማው አልበቃ ካለ ቆይቷል፣ በፈረቃ የሚመጣውም ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። ጎረቤትየዋ ጀሪካኗን እያጠበች «በሳምንት አንድ ሌሊት ከመጣ ዕልል ነው» አለች። እናቴ ግቢው ውስጥ ሳትገባ ተመለሰች። ሽማግሌው ያን ቀን ድርሻቸው መቅረቱን እያወቁ ነው ያስጠየቁን።

የገዛነው ሁለተኛ ያሳዩንን ቤት ነው። ባለቤቱን ያገናኙን በዚያው ዕለት ነው፤ ማዘጋጃ ቤት አብረውን መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጠበቁን፤ ኮሚሽናቸውን የተቀበሉት ስም ከተዛወረ በኋላ ነው። ውል በተፈራረምን ቀን በሩ ላይ ዞር ብዬ አየሁ። እሳቸው ብቻቸውን ነበሩ።