ራማን ስፔክትሮስኮፒ ምንድን ነው?

ጥቁር አንበሳ አካባቢ ካፌ ቁጭ ብዬ፣ ከጎኔ ያለ ሰው ለጓደኞቹ ሲያስረዳ ሰማሁት። «ናሙና ምናምን ቀረ! ሌዘሩን ማብራት ነው፤ ካንሰሩ ገና ሳይጀምር ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።» ስለ ራማን ስፔክትሮስኮፒ እንዲህ ሲባል ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ።

ወንድሜ፣ ቁልጭ ብሎ የሚታይ ነገር የለም። የሚወጣው ፎቶ ሳይሆን፣ የተመለሰው ብርሃን በየቀለሙ ስንት እንደሆነ የሚያሳይ ወጣ ገባ የሚል መስመር ነው። ለምሳሌ የማህፀን በር ላይ በቀጭን ፋይበር የሌዘር ብርሃን ይላካል። አብዛኛው ቀለሙን ሳይቀይር ይመለሳል። ከአስር ሚሊዮን አንድ ገደማ የሚሆነው ግን ሞለኪውሎችን ነክቶ ቀለሙ ተለውጦ ይመጣል። ህንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሲ.ቪ. ራማን እ.ኤ.አ. በ1928 ይፋ ያደረገው ይህንን ነው። ቅድመ ካንሰር ሲኖር ግላይኮጅን (የተከማቸ ስኳር) እና ኮላጅን (ሥጋን የሚያያይዝ ፕሮቲን) ይቀንሳሉ፣ የዲኤንኤ ድርሻ ይጨምራል። መስመሩም በጥቂቱ ይለወጣል።

ይህ «በጥቂቱ» በምን ይታወቃል? የፒያሳ ወርቅ ሠሪ ቀለበትህን ጥቁር ድንጋይ ላይ ያሻል። አጠገቡ ካራቱ የታወቀ ወርቅ ያሻል፣ አሲድ ጠብ ያደርግና ሁለቱን ያስተያያል። ማሽኑም እንደዚያው ነው። የሚያስተያየው ፓቶሎጂስት በማይክሮስኮፕ አይቶ «ይሄ ጤነኛ፣ ይሄ ቅድመ ካንሰር» ካላቸው ናሙናዎች ጋር ነው። ናሙና ቀረ የምትል ከሆነ፣ ድንጋዩን ይዘህ ማስተያያውን ወርቅ ጣልክ ማለት ነው። ድንጋዩ ደግሞ የሚያውቀው የላዩን ብቻ ነው፤ ወፍራም ቅብ ያለው መዳብ ጉድ ይሠራዋል። ብርሃኑም ጠልቆ አይሄድም። የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ከላይኛው ሽፋን ስለሚነሳ እዚያ ያዋጣል። ሆድ ውስጥ ለተደበቀ ዕጢ ግን ከውጭ ቢያበሩት ዋጋ የለውም።

ማንም የማያነሳው ሌላ ጣጣ አለ። ኢንፌክሽን መስመሩን ይረብሸዋል። ደም ይረብሸዋል። የወር አበባ ዑደትና ማረጥ እንኳ ይለውጡታል። የክፍሉን መብራት ማጥፋት ከረሳህ ደግሞ የምታነበው የአምፖሉን ብርሃን ነው። (ጨረሩ ራሱ ካንሰር ያመጣል ወይ ለምትሉ፦ ብዙ ጊዜ የምንጠቀመው ከቀይ ባሻገር ያለ ብርሃን ነው፣ እንደ ኤክስሬይ ዲኤንኤ አይሰብርም።)

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? አሴቲክ አሲድ (የኮምጣጤ አሲድ) የማህፀን በር ላይ ሲቀባ ቅድመ ካንሰር ይነጣል፤ የተቆጣ ጤነኛ ቦታም ሊነጣ ይችላል። ራማን ከነጡት ቦታዎች መካከል ናሙና ከየትኛው ይወሰድ የሚለውን ለመለየት ይረዳል። ናሙናው ግን ያው ፓቶሎጂ ይሄዳል።