የመኪና ሬዲዮ ፉጨት ምንድን ነው?

ከለገሃር ተነስቼ ቸርችልን ወደ ፒያሳ ስወጣ ቴፔ ያፏጫል። ነዳጅ ስረግጥ ፉጨቱ ይቀጥናል፣ እግሬን ሳነሳ ይወፍራል። የሞተሩን ዙር በጆሮዬ መገመት ጀምሬ ነበር። «ቴፑ አልቆለታል፣ ቀይረው» ተባልኩ። ቀየርኩት። አዲሱም አፏጨ፤ እንዲያውም ጥርት ባለ ድምፅ።

ይህ ነገር በመጽሐፍ ቋንቋ የኤሌክትሪክ ጣልቃ ገብነት ይባላል። መኪናው ለራሱ ሥራ የሚያመነጨው ኮረንቲ ወደ ሬዲዮው ሾልኮ ይገባና እንደ ድምፅ ይሰማል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ሬዲዮው ጤነኛ ነው። የሚያሰማን የጎረቤቱን ጫጫታ ነው።

ጫጫታው ግን ዓይነት አለው። ከሞተሩ ዙር ጋር የሚወጣና የሚወርድ ፉጨት ባትሪውን የሚሞላው የዲናሞ ነው። ዲናሞ የሚያመነጨው ተለዋዋጭ ኮረንቲ ነው። ውስጡ ያሉት ዳዮዶች (ኮረንቲን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ዕቃዎች) ቀጥተኛ ያደርጉታል፤ ሙሉ በሙሉ ለጥ አይልላቸውም እንጂ። ትንሽ ሞገድ ይቀራል። በተለመደው ዲናሞ በአንድ ዙር 36 ሞገድ አለ። በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ዲናሞው በደቂቃ 2000 ጊዜ ቢዞር፣ በሰከንድ 1200 ሞገድ ይመጣል። ይህ ጆሮ በደንብ የሚሰማው ፉጨት ነው። ነዳጅ ሲጨመር ዙሩ ይጨምራል፣ ፉጨቱም ይቀጥናል።

ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሆነ ደግሞ ነዳጁን በብልጭታ የሚለኩሰውን ካንዴላ ጠርጥሩ። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 27 ያህል ጊዜ ብልጭ ያደርጋል። የመጀመሪያዎቹ የሬዲዮ ማሰራጫዎች የሚሠሩት በኤሌክትሪክ ብልጭታ ነበር፤ ስለዚህ ካንዴላን ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ብዬ ብጠራው አላጋነንኩም። ይህን ለማፈን ነው የዛሬ ካንዴላዎች ውስጥ 5000 ኦም አካባቢ የሆነ፣ ኮረንቲ የሚገታ መከላከያ (ሬዚስተር) የሚገባው። መከላከያ የሌለው ካንዴላ ወይም የተሰነጠቀ የካንዴላ ገመድ ያለው አሮጌ ላዳ በኤ.ኤም. ጣቢያ ላይ ይለያል። የናፍጣ ሚኒባስ ግን ብልጭታ የለውም፤ እዚያ ጠቅ ጠቅ ከሰማችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ሦስተኛው ሹሹታ ነው። ሞተሩ ቢጠፋም አይጠፋም። ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ሲጋራ መለኮሻው ላይ የተሰካ ርካሽ ቻርጀር፣ የመንገድ ካሜራ ወይም በኋላ የተገጠመ የኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ነው። ቻርጀሩ 12 ቮልቱን ወደ 5 ለማውረድ በሰከንድ መቶ ሺዎች ጊዜ ይቆራርጠዋል። ንቀሉትና ስሙ። ሬዲዮው ዝም ካለ ሥራው አለቀ።

ጣቢያውንም ልብ በሉ። ኤ.ኤም. መልእክቱን የሚይዘው በሞገዱ ጉልበት ነው፤ ብልጭታም የሚነካው ያንኑ ጉልበት ነው። ኤፍ.ኤም. ግን መልእክቱን የሚይዘው በድግግሞሽ ለውጥ ስለሆነ ይሻላል። 97.1 ጥርት ብሎ ኤ.ኤም. ብቻ ቢንጫጫ አይግረማችሁ። ስታዲየም ወይም ሜክሲኮ አካባቢ፣ የቀላል ባቡሩ የኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ስትደርሱ ብቻ ከሆነ የሚንጫጫው፣ መኪናችሁን አትውቀሱ።

እኔን ያዳኑኝ ተክለሃይማኖት አካባቢ ያሉ አንድ አዛውንት ኤሌትሪሺያን ናቸው። መጀመሪያ ሞተሩን አጥፍተው ቴፑን ብቻ አስከፈቱኝ። ዝም። ሞተሩን አስነሱኝ። ፉጨት። ከዚያ ከቴፑ ጀርባ የአንቴናውን ገመድ ነቀሉ። ፉጨቱ አልቆመም።

«በአየር አይደለም የሚገባው፣ በሽቦ ነው። ልጄ፣ ቴፑን ተወው፣ ማሳውን አሳየኝ» አሉ።

ማሳ ማለት ኮረንቲው በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪ የሚመለስበት መንገድ ነው። ይህ መንገድ ሲበላሽ የዲናሞው ሞገድ በሬዲዮው በኩል ማለፍ ይጀምራል። የእኔው የማሳ ሽቦ ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ነበር የታሰረው። ቀለሙን በካርታ ቪጥሮ (በብርጭቆ ወረቀት) ፈቀፈቁት፣ ብሎኑን አጠበቁት፣ አለቀ። እኔ ግን ለአዲስ ቴፕ ከፍዬ ነበር።

እናንተ በቮልት መለኪያ ሜትር ማየት ትችላላችሁ። ሞተሩ እየሠራ፣ ቴፑ ተከፍቶ፣ ከቴፑ ማሳ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ለኩ። ከ0.1 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ላይ ችግር አለ። ዲናሞውን ለመፈተን ብላችሁ ግን ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ አትንቀሉ። የድሮ ልማድ ነው፤ ቮልቱ ድንገት ዘሎ ቴፑንም የሞተሩን ኮምፒውተርም ሊያቃጥል ይችላል።

ማሳው ደህና ሆኖ ፉጨቱ ከቀጠለ ሜትሩን ተለዋዋጭ ቮልት ላይ አድርጉና ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ለኩ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ከዳዮዶቹ አንዱ ሳይሞት አይቀርም። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ሞገዱን የሚያጣራ ፊልተር ገዝቶ ያስራል። ፉጨቱ ይቀንስለታል፤ የተበላሸው ዳዮድ ግን እዚያው ነው፣ ሌሊቱን ኮረንቲ ሲያፈስ ያድርና ጠዋት ቁልፍ ስታዞሩ ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ ጠቅ ብሎ ዝም ሊል ይችላል።