ኢንተርቫል ምንድን ነው? ሶምሶማንስ እውነት ጣለው?

«አራት ደቂቃ ኢንተርቫል ከአንድ ሰዓት ሶምሶማ ይበልጣል።» ይህን አባባል ከጂም አሰልጣኞች ሰምቼዋለሁ፣ ከቲክቶክ ሰምቼዋለሁ፣ ከገዛ ተማሪዎቼም ሰምቼዋለሁ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ «ሶምሶማ የፋራ ነው፣ ሳይንሱ ነገሩን ከዘጋው ቆይቷል» ብሎ ደመደመ። ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አቃተኝ። ወንድሜ፣ ሳይንሱ ምንም አልዘጋም።

ትርጉሙ ላይ አልቆይም። ጠንከር ያለ ሥራ፣ ከዚያ እረፍት ወይም ቀለል ያለ እንቅስቃሴ፣ ከዚያ እንደገና፦ ኢንተርቫል ይህ ነው። ሌላኛው ሳያቋርጡ በአንድ ልክ መሥራት ነው፤ ሶምሶማ፣ ብስክሌት፣ ዋና። ይህን ሁሉም ያውቃል። ችግሩ «ጠንከር ያለ» ሲባል ምን ያህል እንደሆነ ሰው አለመጠየቁ ነው።

የአራት ደቂቃው ወሬ የመጣው ከጃፓን ነው። ኢዙሚ ታባታና ባልደረቦቻቸው በ1996 እ.ኤ.አ. አንድ ጥናት አሳተሙ። ስፖርት የሚሠሩ ወጣቶችን ብስክሌት ላይ አወጧቸው። አንዱ ቡድን በሳምንት 5 ቀን፣ ለ6 ሳምንት፣ በቪኦቱ ማክሱ 70 በመቶ አንድ ሰዓት ይጋልባል። ቪኦቱ ማክስ ሰውነት በደቂቃ ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛው የኦክስጅን መጠን ነው። ሌላው ቡድን 20 ሰከንድ ሥራ፣ 10 ሰከንድ እረፍት፣ 7 ወይም 8 ዙር። የሥራው ክብደት ግን የቪኦቱ ማክስ 170 በመቶ ነው። 170! ኦክስጅን ሊሸፍነው ከሚችለው በላይ፣ በጣም በላይ። ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ዙር ላይ እግር እምቢ ይላል፤ ፔዳሉን በተፈለገው ፍጥነት ማዞር ሲያቅተው ልምምዱ ያበቃል።

አሁን ስልክህ ላይ «ታባታ» የሚለውን አፕ ክፈትና ሳሎን ውስጥ 20 ሰከንድ ዝለል፣ 10 ሰከንድ እረፍ። ስምንተኛውን ዙር ጨርሰህ ለጓደኛህ ቴክስት ማድረግ ከቻልክ ከታባታ የወሰድከው ሰዓት ቆጣሪውን ብቻ ነው። ጥሩ እንቅስቃሴ ነው፣ አትተወው። የዚያን ጥናት ውጤት ግን አትጠብቅበት።

ሌላም ሰው የማይናገረው አለ። ከአራቱ ደቂቃ በፊት 10 ደቂቃ ማሟሟቂያ ነበር። ከአምስቱ ቀን አንዱ ላይ ደግሞ የኢንተርቫሉ ቡድን ራሱ 30 ደቂቃ ያለማቋረጥ ይጋልብ ነበር። ውጤቱስ? የአንድ ሰዓቱ ቡድን ቪኦቱ ማክስ በኪሎ ክብደት ከ53 ወደ 58 ሚሊ ሊትር አደገ። የኢንተርቫሉ ከ48 ወደ 55። የኢንተርቫሉ ቡድን ሲጀምር ዝቅ ብሎ ስለነበር የማደጊያ ቦታም ነበረው። በቡድን የነበሩት ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ መሆናቸውንም ልብ በሉ፤ በእኛ ሙያ ይሄ የተለመደ ነው፣ የተለመደ ስለሆነ ግን ጥሩ አይደለም። ኢንተርቫሉ በእውነት የለየው ሌላ ቦታ ላይ ነው፦ ያለ ኦክስጅን የመሥራት አቅም በ28 በመቶ ጨመረ፣ የሶምሶማ ዓይነቱ ቡድን ግን እዚያ ላይ ምንም አላገኘም። ጥናቱን በቅጡ ያነበበ ሰው ማውራት ያለበት ይህን ነበር።

ወደ ዋናው የሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። «የቱ ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ጎዶሎ ነው። በአዲስ አበባና በአዳማ የፍጥነት መንገድ የሚሄድ አውቶቡስና ከሜክሲኮ መገናኛ የሚሠራ ሚኒባስ አለ እንበል። የቱ ብዙ ነዳጅ ይበላል? ሾፌር ጠይቁ። መልሶ ይጠይቃችኋል፦ በኪሎ ሜትር ነው፣ በሰዓት ነው፣ ወይስ በቢያጆ? ሚኒባሱ ይነሳል፣ ይቆማል፣ «ወራጅ አለ» ይባላል፣ እንደገና ይነሳል። ይህ በአንድ ኪሎ ሜትር የሚበላውን ነዳጅ ከፍ ያደርገዋል። አውቶቡሱ ግን ቀኑን ሙሉ ሲሄድ ይውላል። ምኑን እኩል አድርገህ እንደምታወዳድር ካልተናገርክ መልስ የለም።

ጥናቶቹም እንደዚሁ ናቸው። በኖርዌይ ሄልጌሩድና ባልደረቦቹ በ2007 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጠቅላላውን ሥራ እኩል አደረገ። 40 መጠነኛ ልምምድ ያላቸው ወንዶች፣ በሳምንት 3 ቀን፣ ለ8 ሳምንት። አንዱ ቡድን አራት ጊዜ አራት ደቂቃ፣ የልብ ምቱን ከከፍተኛው 90 እስከ 95 በመቶ አድርሶ፣ መሃል ላይ 3 ደቂቃ ቀስ እያለ ሮጠ። ቪኦቱ ማክሱ በ7.2 በመቶ አደገ። በ70 በመቶ የልብ ምት 45 ደቂቃ የሮጡት ግን ቪኦቱ ማክሳቸው ንቅንቅ አላለም።

አያችሁ፣ እዚህ ላይ አስተያየት ሰጪው ግማሽ እውነት አለው። ድሮም ለሚንቀሳቀስ ወጣት ቀላል ሶምሶማ ብቻውን ቪኦቱ ማክስን አይገፋም። ሰውነቱ ለምዶታል። ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም እንዲጨምር ከበድ ያለ ነገር ይፈልጋል። ግን በዚያው ጥናት አንድ የተወሰነ ፍጥነት ለመሮጥ የሚያስፈልገው ኦክስጅን በሁሉም ቡድኖች ቀንሷል፣ በሶምሶማው ቡድን ጭምር። ሯጭ ለሆነ ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ቪኦቱ ማክስ ውድድር አይሮጥም።

ካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ያሉት ደግሞ ሰዓቱንም ሥራውንም እኩል አላደረጉም። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናታቸው 30 ሰከንድ ባለ በሌለ ኃይል፣ ከዚያ 4 ደቂቃ ተኩል እረፍት፣ ከ4 እስከ 6 ዙር፣ በሳምንት 3 ቀን ያሠራል። ሌላው ቡድን ከ40 እስከ 60 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን። ከ6 ሳምንት በኋላ በጡንቻ ውስጥ ያለው የሚቶኮንድሪያ (ኦክስጅን ተጠቅሞ ኃይል የሚያመነጨው የሴል ክፍል) ለውጥ ተመሳሳይ ሆነ። በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ከአራት ሰዓት ተኩል ጋር እኩል ወጣ ማለት ነው። ይህ ትልቅ ግኝት ነው፣ አላጣጥለውም። ግን ቁጥሩን ተመልከቱ። ሥራው 2 ወይም 3 ደቂቃ ነው፤ እረፍቱ ሲደመር ክፍለ ጊዜው ግማሽ ሰዓት ይጠጋል። ሚኒባሱ ቆሞ ወራጅ ሲያወርድም ሰዓት ይቆጥራል።

ከ2015 እ.ኤ.አ. ሌላ አለ። አሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ ፎስተርና ባልደረቦቹ ብዙም ልምምድ የሌላቸውን ወጣቶች ለሦስት ከፈሉ፦ ታባታ፣ ቀለል ያለ ኢንተርቫል እና 20 ደቂቃ ያለማቋረጥ። ከ8 ሳምንት በኋላ ሦስቱም በቪኦቱ ማክስ 18 እና 19 በመቶ ገደማ አደጉ። ለጀማሪ የትኛውም ይሠራል፤ ዋናው መነሳቱ ነው። ደስታ ሲለካ ደግሞ ታባታ መጨረሻ ወጣ። በ2015 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የደመረ ሌላ ሥራ ኢንተርቫል በቪኦቱ ማክስ ያለውን ብልጫ በኪሎ 1.2 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው አለ። አለ፣ ግን ትንሽ ነው። «ፋራ» የሚያሰኝ ልዩነት አይደለም።

ሚኒባሱን አንድ ፌርማታ ልጨምርለት። ሲነሳ ሲቆም ፍሪሲዮን ይበላል። የሰው ፍሪሲዮን ጅማቱ ነው፣ በተለይ ከተረከዝ በላይ ያለው። ልብና ሳንባ በሳምንታት ይለምዳሉ፣ ጅማት ግን ይዘገያል። ስለዚህ «ጉልበት አለኝ» ብሎ አምስት ቀን የሚፈጥን ልጅ መጀመሪያ የሚሰበርበት እዚያ ነው። ምሳሌዬ የማይሠራበት ደግሞ እዚህ ነው፦ ሞተር በመነዳት አያድግም፣ ልብ ያድጋል። እረፍት ካገኘ።

ስብስ? «ኢንተርቫል 48 ሰዓት ስብ ያቃጥላል» የሚለው ወሬ አለ። ከልምምድ በኋላ ሰውነት ተጨማሪ ኦክስጅን መጠቀሙ እውነት ነው። መጠኑ ግን ልምምዱ ራሱ ካስወጣው ከ6 እስከ 15 በመቶ ገደማ ነው። 300 ካሎሪ ካወጣህ፣ ከ18 እስከ 45 ካሎሪ ይጨመርልሃል። አንድ ቁራጭ ዳቦ አይሞላም። ሁለቱን ያነጻጸሩ ጥናቶች ሲደመሩ ስብ በመቀነስ ተቀራራቢ ናቸው።

ሳትጠይቁኝ የሙያዬን ነገር ላክል። «220 ሲቀነስ ዕድሜ» የሚለው የልብ ምት ስሌት ለአንድ ሰው 10 ምት ወደ ላይም ወደ ታችም ቢስት አይግረማችሁ። በ20 ሰከንድ ሥራ ውስጥ ደግሞ የልብ ምት ስለሚዘገይ የእጅ ሰዓታችሁ ላይ ያለው ቁጥር የቀደመውን ዙር ነው የሚነግራችሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ እንጦጦ ከዚያም በላይ። አየሩ ሲሳሳ ሊገፋ የሚችለው ፍጥነት ይወርዳል፤ ስለዚህ ኦስሎ ወይም ዋሽንግተን ያለ ዘመድ የላከላችሁን የፍጥነት ሠንጠረዥ እንጦጦ ላይ አትሞክሩት። በሚሰማችሁ ድካም ለኩ።

የአገራችንን ታላላቅ ሯጮች ብታዩ መልሱ ፊት ለፊት ነው። መም ላይ የሚፈጥኑበት ቀን አለ። ብዙው ኪሎ ሜትር ግን ጫካ ውስጥና ኮረኮንች ላይ ነው፣ አንዳንዴም እግር ለእግር ተከታትለው፣ እያወሩ። ተመራማሪው ስቲቨን ሳይለር የጽናት አትሌቶችን ልምምድ ሲያጠና ከ10 ክፍለ ጊዜ ስምንቱ ቀላል መሆኑን አግኝቷል። ጠንካራውን ቀን በደንብ የሚያሠራው ቀላሉ ቀን ነው።

እሺ፣ በሳምንት ሦስት ቀን የምትንቀሳቀስ ወጣት ነህ እንበል። አንድ ወይም ሁለቱን ቀን ኢንተርቫል አድርገው፣ አራት ጊዜ አራት ደቂቃ ይበቃል፤ ሌላውን ማውራት በሚያስችልህ ፍጥነት ሩጥ። ደረትህን የሚያምህ ወይም ሲሠሩ ራስህን የሚያስትህ ከሆነ ግን ከኢንተርቫሉ በፊት ሐኪም ጋ ሂድ።

በሳምንት ሁለት ቀን ኳስ የምትጫወት ከሆንክ ደግሞ ምክሬ ይገለበጣል። ኳስ ራሱ ኢንተርቫል ነው፦ ትሮጣለህ፣ ትቆማለህ፣ ትራመዳለህ፣ እንደገና ትፈተለካለህ። በላዩ ላይ ታባታ የሚጭንብህ አሰልጣኝ ካለ፣ በእሱ ፋንታ 40 ደቂቃ ሶምሶማ እንዲጨምርልህ ለምነው።