«ፕላሴቦ» ማለት ያለ ሕክምና መቅረት ነውን?

ለሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የገዛ ራሱን አካል ለሚያጠቃበት ሕመም) አዲስ መርፌ በሚፈተሽበት ጥናት እንዲሳተፍ የተጋበዘ ሰው የስምምነት ቅጹን እያነበበ «ፕላሴቦ» ላይ ሲደርስ ይቆማል። መልኩ መድኃኒት፣ ውስጡ ግን ፈዋሽ ነገር የሌለበት መርፌ ማለት ነው። «ታዲያ እኔ እየታመምኩ በባዶ መርፌ ልሸነገል?» ብሎ መቆጣት አይፈረድበትም።

ቅጹ ግን አንድ ነገር በደንብ ላያብራራ ይችላል፤ እንዲህ ባሉ ጥናቶች ፕላሴቦው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በነባሩ ሕክምና ላይ ተጨምሮ ነው። ቤሊሙማብ የተባለውን ከቆዳ ሥር የሚወጋ መድኃኒት እንመልከት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ጥናት 836 ሕሙማን ነበሩ፤ ከሦስት ሁለቱ በየሳምንቱ 200 ሚሊግራም ቤሊሙማብ፣ የቀሩት ፕላሴቦ ለ52 ሳምንታት ተወጉ። የትኛው እንደደረሰው ታካሚውም ሐኪሙም አያውቅም። ሁለቱም ወገኖች ግን እንደ ሃይድሮክሲክሎሮኪንና ፕሬድኒሶሎን ያሉ የቀድሞ መድኃኒቶቻቸውን አልተዉም።

በከፊል ለዚህም ነው በጥናቱ መለኪያ ፕላሴቦ ከተወጉት 48 በመቶ ያህሉ የተሻላቸው። ቤሊሙማብ ካገኙት ደግሞ 61 በመቶ። የመርፌው ድርሻ እንግዲህ 61ዱ ሳይሆን በመካከል ያለው 13 የመቶኛ ነጥብ ነው።

ሕመሙ በቅርቡ የታወቀለት ሰው ከመፈረሙ በፊት ይህን ይጠይቅ፦ «የምቀጥለው መድኃኒት የትኛው ነው? ቢብስብኝስ ምን ይጨመርልኛል?»